የግራ ጉንጭ መሸብሸብ፦ በአንድ የሕክምና ፎቶግራፍ ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው የአንድ ሾፌር ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ብዙዎችን አስደንቋል። ባለፎቶው የ69 ዓመት ሰው ሲሆን የጭነት መኪና ለ28 ዓመታት አሽከርክሯል። የግራ ጉንጩ ቆዳ ወፍሮ በጥልቅ ተሸብሽቧል፤ የቀኙ ግን እንደዚያ አይደለም። ጎርደንና ብሪዬቫ የተባሉት አቅራቢዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር የመስኮት መስተዋትን አልፎ ለቆዳ የመለጠጥ ባሕርይ የሚሰጡትን ክሮች እንደሚያጠፋ ይገልጻሉ።

ጉዳዩ ለሰርዶ የጤና ባለሙያ ባዕድ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች በዚያች ከተማ በኩል ያልፋሉ፤ በኢትዮጵያም የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በመሆኑ ለጎን መስኮት የሚጋለጠው የሾፌሩ ግራ ጉንጭ ነው።

የጽሑፉ ጥንካሬ ቁጥብነቱ ነው። ለታካሚው የተመከሩት ከፀሐይ መከላከል፣ የሚቀባ ሬቲኖይድና የቆዳ ካንሰር ክትትል ብቻ ናቸው፤ መርፌ አልተጠቀሰም። ይህም ተገቢ ነው። ቦቱሊነም ቶክሲን በጉንጭ ላይ ሲወጋ ከንፈርን የሚያነሱትን ጡንቻዎች ካደከመ ፈገግታን ያጣምማል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት መድኃኒትም ለአፋር ሙቀት አይመችም። ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል፣ ማሟሟቻው ኢንዛይም በሌለበት ሊሞከር አይገባም።

ድክመቱ ፎቶግራፉ የነጭ ሰው ፊት ሆኖ ሳለ የቆዳ ቀለም ጉዳይ አለመነሣቱ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ሽብሽባቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ የቀለም መዥጎርጎር ግን ይቀድመዋል። ሬቲኖይድ ቆዳን ካስቆጣ ቁጣው ራሱ ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል፣ በዝቅተኛ መጠን ማታ ማታ ተጀምሮ ወራት መጠበቅን ይጠይቃል፤ ለነፍሰ ጡርም አይታዘዝም። በፀሐይ ሳቢያ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በጥቁር ቆዳ ላይ እጅግ ያነሰ ነው። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ግን ክትትሉ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይልቁንም ፎቶግራፉ በባለሙያው አእምሮ ተቀርጾ ሌላውን እንዳያስረሳው ያሰጋል። በኢትዮጵያ የአንድ ጉንጭ ቆዳ መወፈር የሥጋ ደዌ ምልክትም ሊሆን ይችላል። የቆዳውን ስሜት በጥጥ፣ የነርቮችን መወፈር በጣት ሳይመረምሩ «ፀሐይ ነው» ብሎ ማሰናበት ታካሚውን ለአካል ጉዳት ይዳርጋል።

የፊት መስተዋት ድርብ በመሆኑ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ኤ ያግዳል፤ የጎኑ ግን በአመዛኙ ያሳልፈዋል። በሙቀቱ ሳቢያ መስኮቱ ሲወርድም አልትራቫዮሌት ቢ ይታከልበታል። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ቢያነሣ ኖሮ፣ በጎን መስኮት ላይ የሚሰቀል ወፍራም ጨርቅ ከማናቸውም ቅባት ቀድሞ በምክሩ ውስጥ ቦታ ባገኘ ነበር።