ከጎንደር ወደ ሊማሊሞ፤ በብስክሌት በማኅበር ስለ መጓዝ

ብቻውን ብስክሌት የሚነዳ ሰው የራሱን ጉልበትና የራሱን ትንፋሽ ካወቀ ይበቃዋል፤ ዳገት ሲከብደው ወርዶ ይገፋል፣ ሲደክመው ከዛፍ ሥር ያርፋል፣ ልቡ ሲነሣሣ ይፈጥናል፣ ለምን ዘገየህ፣ ለምን ቸኮልህ የሚለውም የለም። ከባልንጀሮቹ ጋር ተማክሮ ቀናት የሚፈጅ መንገድ የጀመረ ሰው ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሰዎች ትንፋሽ ማዳመጥ፣ የማን ጉልበት መቼ እንደሚዝል ሳይነገረው መገንዘብ፣ የገዛ ኃይሉንም በጠዋት ሳያባክን ለማታና ለሌላው ማትረፍ አለበት። በጎንደርና በሰሜን ደጋ መንገዶች ከወዳጆቼ ጋር በብስክሌት ስመላለስ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እየጸናልኝ የመጣው እምነት፣ የማኅበርን ጉዞ ፍጥነት ሊወስን የሚገባው ከሁሉ የሚዘገየው ሰው ነው የሚል ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ የበረታው ብስክሌተኛ በአቀበት ጊዜ ተገቢ ስፍራው የሰልፉ መጨረሻ ነው እላለሁ፤ ወጣቶቹም በዚህ ቃሌ ብዙ ጊዜ ይከራከሩኛል።

ሥርዓቱን ያወጣነው እኛ አይደለንም። ከጎንደር ተነሥቶ ወገራን አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዓድዋና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው ፍኖት፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ለብዙ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የተመላለሰበት፣ አሞሌውም በአህያና በበቅሎ ጀርባ ወደ ከተማዋ የገባበት መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ መጥቶ ጎንደር የደረሰው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ሲሆን፣ በመጽሐፉም የሊማሊሞን ዳገት አስቸጋሪነትና በዚያ በር ይጠየቅ የነበረውን ቀረጥ ያነሣል። ሲራራ በነጋድራሱ ትእዛዝ ይነሣል፣ በነጋድራሱ ትእዛዝም ይሰፍራል፤ እርምጃው ግን የተጫነችው አህያ እርምጃ ነው፤ ከኋላ የቀረች አህያ ለሽፍታ የተተወች ሀብት ነበረችና። እኛ የምንፈራው ሽፍታን ባይሆንም፣ በወገራ ሜዳ ላይ ብቻውን የቀረ የደከመ ሰው ከብርዱና ከተስፋ መቁረጥ ጋር የሚታገለው ያው ብቻውን ነው።

መንገዱ ከመነሻው ትሕትናን ያስተምራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ቀድሞ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች ይኖሩባት የነበረችውን ወለቃን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ኮሶዬ እየወጣ፣ በስተግራ ከገደሉ ማዶ ቆላውን እያሳየ፣ አምባ ጊዮርጊስ እስኪደርስ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ በገደብዬና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ለመግባት በጠቅላላው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጠዋቱ ብርድ እግሩን አፍጥኖለት ወለቃን በሩጫ ያለፈ ጎልማሳ፣ ኮሶዬ ሳይደርስ ትከሻው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይቻለሁ፤ ጉልበት አንሶት ሳይሆን የቀኑን ጉልበት በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ጨረሰው ነው።

የአቀበት ልክ በንግግር ይታወቃል። አንድ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሲጨርስ መካከል ላይ አየር መሳብ ካላስፈለገው፣ እርምጃው እስከ ማታ ያዘልቀዋል፤ ቃሉ ከተቆራረጠ ግን ማርሹን ማቅለልና መዝገም ይገባዋል። ከኋላ የሚሄደው ብርቱ ሰው ዋና ሥራም ይህንን መስማትና ማየት ነው፤ ድካም ራሱን የሚገልጠው ለኋለኛው ነውና። በመጀመሪያ ሲያወጋ የነበረው ሰው ዝም ይላል፤ ቀጥሎ የፊት ጎማው በጥቂቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዋልላል፤ ከዚያም ፔዳሉን በክብ ማዞሩን ትቶ በየተራ ወደ ታች ብቻ መርገጥ ይጀምራል፣ ካቴናውም በየርግጫው ሲንቋቋ ይሰማል። ይህን ጊዜ «ደከመህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክብሩን መንካት ይሆናል፤ መልሱም ምንጊዜም «አልደከመኝም» ነው። የኋለኛው ሰው «እስቲ ቁሙልኝ፣ ጎማዬን ልየው» ይላል፤ ማኅበሩ በሙሉ ስለ ማን እንደ ቆመ ያውቃል፣ ማንም ግን ቃል አይናገርም።

የወገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሥርዓቱ ይለወጣል። በዚያ በገብስ አዝመራው መካከል ጠላቱ ዳገት ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ብስክሌተኛ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ከሚቀበለው ይልቅ በብዙ ይቀለዋል። ስለዚህ በሜዳ ብርቱው ወደ ፊት ይወጣል፣ ደረቱን ለነፋሱ ይሰጣል፣ ደካማውንም ከጀርባው ያሳርፋል፤ ነገር ግን አሁንም የፍጥነቱ ጌታ አይሆንም፤ ተከታዩ ከጎማው ጥላ እንዳይወጣ እየተገላመጠ መሄድ አለበትና። ይህን እውነት የውድድር ሰዎችም በሕግ ጽፈውታል፤ በሮማ ኦሎምፒክ በተጀመረው የመቶ ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር አራት ሰዎች አብረው ይነዱ ነበር፣ ሰዓቱ የሚያዝላቸው ግን ሦስተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነበር። አገራችን በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ እንደ ነበር፣ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ እንደ ነበሩ ከወጣቶቻችን የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። የአበበ ቢቂላን ስም ያነሣ ሁሉ የእርሳቸውንም ሊያነሣ በተገባ ነበር።

ስለ ስንቅ ብዙ የሚባል ቢኖር፣ አባቶቻችን አስቀድመው ጨርሰውታል፤ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ከማናቸውም በማሸጊያ ከሚሸጥ ምግብ ይልቅ ለዚህ መንገድ የተገቡ ናቸው። በሶው በማር ከታሸ ለአቀበት፣ ቆሎው ከኪስ እየተቆነጠረ ለሜዳ ይሆናል፤ እነዚህ ሁለቱ በጾም ወራትም ማኅበሩን የማይለዩ ስንቅ ናቸው። ደንቡ ግን አንድ ነው፦ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማም መጠጣት። ረሀቡ ከተሰማ በኋላ የተበላ በሶ የሚደርሰው ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ አገር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከማርሽና ከፍሬን አስቀድሞ ሰላምታን ሊማር ይገባል። ከውጭ የሚመጡ ብስክሌተኞች በመንገድ ዳር ያሉ እረኞች ድንጋይ ወረወሩብን እያሉ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ ሐዘናቸው እውነት ነው፤ እኔ ግን በደጋው ልጅ ዓይን ነገሩን ሳየው፣ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ መጥቶ ከብቱን አስደንብሮ ቃል ሳይተነፍስ የሚያልፍ ሰው ምን ዓይነት መንገደኛ ነው እላለሁ። እኛ ከሩቅ እንጣራለን፣ «ደኅና ዋላችሁ!» የምንለውም አስቀድመን ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወርደን እንሳለማለን፤ ቀብር ስናገኝ ሬሳው እስኪያልፍ ከብስክሌቱ ወርደን እንቆማለን፤ በገበያ ቀን የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሲሞሉት እየገፋን እንሄዳለን። ከዳባት ወዲህ አንዲት ባልቴት ከደጃቸው ሆነው ላብ ያሰመጠንን ሲያዩ፦

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ! ምነው፣ የምታሳድዱት አለ ወይስ የሚያሳድዳችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ደባርቅ ለማደር ነው።»

«ታዲያ ደባርቅ የት ይሄድባችኋል? ኑ፣ ቁጭ በሉና ውኃ ጠጡ» አሉን። ተቀመጥን። የዚያን ዕለት ደባርቅ የገባነው ከመሸ በኋላ ቢሆንም፣ ከመካከላችን ዝሎ የነበረው ሰው በመጨረሻው ዳገት ላይ ሲያወጋ ይሰማ ነበር።

በማኅበር ረጅም መንገድ በብስክሌት መሄድ በሌላውም ዓለም ታላቅ ታሪክ አለው። ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ 25ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር የሆኑ ሃያ ጥቁር ወታደሮች ጓዛቸውንና ጠመንጃቸውን በብስክሌት ጭነው፣ ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ተራራ፣ ጭቃና አሸዋ በ41 ቀናት አልፈውታል። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የነጻነቷን ሁለት መቶኛ ዓመት ስታከብር፣ ከአራት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 6,800 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በብስክሌት ተሰማርተው፣ በየገጠሩ ከተማ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እያደሩ ተጉዘዋል። እኔን የሚማርከኝ ግን የኪሎ ሜትሩ ብዛት አይደለም፤ እነዚያ ወታደሮች በባቡር ሐዲድ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ሳይቀር ሰልፋቸውን ጠብቀው መንዳታቸውና መግፋታቸው ነው።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለሆነ እንግዳው ሁሉ ወደ ዋልያውና ወደ ጭላዳው ያመራል። የብስክሌት ማኅበር ግን ፈተናው በሌላው ወገን ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ ምድር በወልከፊት ላይ ትቆረጣለች፤ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በገደሉ ፊት ላይ የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድም እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው የወልከፊትን በር ይዘው ለወራት ተከበው ከቆዩ በኋላ እጃቸውን የሰጡት በ1934 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሰሞን ነበር፤ ጎንደርም የተለቀቀችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው።

አቀበት ሥጋን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ልቡናን ይፈትናል። በሊማሊሞ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን ከተያዘ ጎማው ይሸሻል፤ የኋላው ብቻ ከተያዘ ይንሸራተታል፤ ሁለቱም ሳይለቀቁ ተይዘው ከተወረደ ደግሞ ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ከመነዳሪው ዘልቆ የተለጠፈበትን ማስቲሽ ያላላዋል። ስለዚህ በቀጥታው ላይ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን ጨርሶ መግደል፣ በመታጠፊያው ውስጥ ግን ፍሬኑን አለመንካት ነው። በቁልቁለት ጠንቃቃው ይቀድማል፣ ማንም እርሱን አያልፍም፤ በየሁለት መታጠፊያው እንቆምና ጣታችንን በምራቅ አርሰን ቸርኬውን እንነካለን። ጭስ ብሎ ከጮኸ እስኪበርድ እንቀመጣለን።

መሣሪያውስ ማን ዘንድ ይሁን? ይህን ጥያቄ አዲስ ሰው ሁሉ ይስተዋል። ፖምፓው፣ ቁልፉ፣ ማስቲሹና ትርፉ ከመነዳሪ ምንጊዜም የሚጫኑት የመጨረሻው ሰው ላይ ነው፤ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ወደ ኋላ ይቀራልና፣ ከፊት የሄደ ፖምፓ ለማንም አይጠቅምም። በአንድ ወቅት ከገደሉ መካከለኛ መታጠፊያ ላይ የአንድ ወዳጃችን የኋላ ጎማ ተነፈሰ፤ ጭላዳዎቹ ከበላያችን ከሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን፣ አንድ አይሱዙ ከታች እያቃሰተ ሲወጣ፣ የኋለኛው ሰው ደርሶ ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቆ ከመነዳሪውን አወጣ። ቀዳዳው ከመውጊያ የመጣ አልነበረም፤ የቆየ ልጣፊ ጠርዙ በሙቀት ተነሥቶ ነበር። አሮጌውን ልጦ፣ ስፍራውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀብቶ፣ ጣቱ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም ጠበቀ። ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ «ይለጠፍ እንጂ» ቢል፣ «ተው ወንድሜ፣ እርጥብ ማስቲሽ አይዝም» አለው። ለጠፈው፣ በድንጋይ ጀርባ ተጫነው፣ ግማሹን ብቻ ነፍቶ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ በኋላ ሞላው።

ዛሪማ ቆላ ነው። ከደባርቅ ብርድ የወረደ ሰው ጋቢውንና ሹራቡን ጠቅልሎ ጭነት ያደርጋል፣ የውኃውንም መጠን እጥፍ ያደርጋል። ከዚህ እስከ አዲ አርቃይ መንገዱ እየወጣና እየወረደ ስለሚሄድ፣ ሙቀቱም ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚበረታ፣ የሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሣት ግድ ነው፤ የሰልፉንም ተራ የምናወጣው ከመተኛታችን በፊት፣ የዕለቱን ድካም ሁሉም በግልጽ ሲናገር ሰምተን ነው።