ሳልበላ ማን ጨመረው?

«ልጄ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በጎመን ቀምሼ ተኛሁ። ሌሊቱን ውኃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ታዲያ ጠዋት 230 ያለው ስኳር ከየት መጣ? ሳልበላ ማን ጨመረው?»

በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ጠያቂው አንዳንዴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ አንዳንዴ የበርበሬ ነጋዴ፤ አንዳንዴ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚገቡ እናት። ድምፃቸው ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ቅሬታ አለ፤ የተከለከሉትን ሁሉ ትተው ሳለ «በልተዋል» ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ቅሬታ። ሥራ ስጀምር መልሴ አጭር ነበር። «ምግብዎን ይቀንሱ፤ ኪኒንዎን በሰዓቱ ይውሰዱ» እልና ቀጣዩን ካርድ አነሳለሁ።

ትክክለኛው መልስ ከዚያ የሚረዝመው በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሰው ሲተኛ አንጎሉ አይተኛም። በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ የሚፈጅ አካል ስለሆነ፣ ምግብ ገባም አልገባም ድርሻውን ይጠይቃል። ሌሊት ድርሻውን የሚሰፍርለት ጉበት ነው። ጉበት ቀን የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፤ ሌሊት እየፈታ ወደ ደም ይለቃል። ክምችቱ ሲሳሳ ደግሞ ከጡንቻ ከሚመጣ ላክቲክ አሲድ፣ ከተፈረካከሰ ፕሮቲንና ከስብ ከሚወጣ ግሊሰሮል አዲስ ስኳር ይሠራል። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር እ.ኤ.አ. በ1848 ሥጋ ብቻ የበላ ውሻ መርምሮ፣ ከጉበቱ በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ውሻው ያልበላውን ስኳር የሠራው የገዛ ጉበቱ ነበር።

ለታካሚ ስነግር ጉበትን ጎተራ እለዋለሁ። ኢንሱሊን ደግሞ የቤቱ ባለቤት ድምፅ ነው፤ «በቃ፣ ይበቃናል፣ ክደን» የሚል። ዓይነት ሁለት ስኳር በያዘው ሰው ጉበቱ ይህን ድምፅ በደንብ አይሰማም፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀው ሌሊቱን ሙሉ ይሰፍራል። «እርስዎ አልዋሹም፣ መሣሪያውም አልዋሸም፤ የጨመረው ጉበትዎ ነው» ስላቸው ትከሻቸው ሲወርድ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን በዋናነት ወደዚያ ጎተራ የተላከ መሆኑን ስነግራቸው፣ በጾም ቀን ለምን እንደሚወስዱት ሌላ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጎተራ ያልዘሩበትን እህል አያበቅልም፤ ጉበት ግን ያበቅላል። ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

ይህ ማስረዳት ከሕክምናው የሚነጠል እንዳልሆነ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ ግሊቤንክላማይድ ጠዋትና ማታ እንዲወስዱ አዘዝኩላቸው። ስኳር፣ ማርና ለስላሳ እንዲተዉ ነገርኳቸው። ስለ ጾም አንድ ቃል አልጠየቅኩም። ፍልሰታ ገባ። እሳቸው በየቀኑ ቅዳሴ አስቀድሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የጠዋቱን ኪኒን ግን አላጓደሉም፤ «በሰዓቱ» ተብለዋልና። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ ልጆቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፤ የሚናገሩት አይያያዝም። ስኳራቸው 31 ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ገባ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። መስቀላቸውን ፈለጉ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ስኳር ተዪ ያልከኝን ሰማሁ፤ ኪኒኑን እንዳትተዪ ያልከኝንም ሰማሁ» አሉኝ። «ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚጥሉኝ ግን አልነገርከኝም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያዘዝኩትን ሁሉ ስለፈጸሙ ነው የወደቁት።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው የቆሽት ሕዋስ ጠንቃቃ ነው። ስኳር ወደ ውስጡ ሲገባ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ የተገኘው ጉልበት በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለውን የፖታሲየም መውጫ ይዘጋል፤ ይህ ሲዘጋ የካልሲየም መግቢያ ይከፈታል፤ ካልሲየም ሲገባ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ስኳር ከሌለ ይህ ሁሉ አይነሣም። ግሊቤንክላማይድ ግን ያንን መውጫ ሄዶ ራሱ ይዘጋዋል። ደም ውስጥ ስኳር ኖረ አልኖረ አይጠይቅም። የዚህ ኪኒን ቤተሰብ የተገኘውም በእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ከተማ የታይፎይድ ሕሙማን ላይ አዲስ የሰልፋ መድኃኒት ሲሞከር አንዳንዶቹ ስኳራቸው እየወረደ ራሳቸውን ሳቱ። በገበያና በመንደር «የስኳር ኪኒን» የሚል አንድ ስም ብቻ አለ። አንዱ ኪኒን ጎተራውን ይከድናል፤ ሌላው ቆሽትን ይገፋል። ለሚጾም ሰው ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳሌ ስመርጥ አንድ ፈተና አለኝ፤ ይህን ምሳሌ ይዞ ቤቱ የሄደ ሰው ምን ያደርግበታል? የሚያምር ምሳሌ ሁሉ ይህን አያልፍም።

ለምሳሌ ሁላችንም የተማርነው «ኢንሱሊን ቁልፍ ነው፤ ሕዋስ በር ነው» የሚለው ነው። ለብዙ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ኋላ ላይ ግን ታካሚዎቼ ከእሱ የሚወስዱት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን አየሁ፤ ቁልፉ ከተበላሸ ሌላ ቁልፍ እስኪሰጣቸው ቁጭ ብሎ መጠበቅ። አሁን የምነግራቸው ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። በጡንቻ ውስጥ ስኳር የሚያስገቡት በሮች ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ አይደሉም፤ ጓዳ ተቀምጠዋል። ኢንሱሊን ደጅ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ድምፁን ተቀባብለው በሮቹን ከጓዳ አውጥተው ግድግዳው ላይ ይተክላሉ። ጡንቻው ውስጥ ስብ ሲጠራቀም ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይጠፋል። ተጣሪው አለ፤ ሰሚ የለም። ቆሽትም እንዲሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይደክመዋል።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ጡንቻ ሲሠራ፣ ማለትም ሰው ሲራመድ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ እነዚያ በሮች ያለ ኢንሱሊን ጥሪ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ይወጣሉ። መኮማተሩ ብቻውን ሌላ መልእክት ይልካል፤ ኢንሱሊን በማይሰማበት ሰው ጡንቻ ውስጥ እንኳ ይህ መንገድ ይሠራል። «ስፖርት ሥሩ» የሚለውን ምክር ሺህ ጊዜ ሰምተው ያልተነሡ ሰዎች፣ ከምሳ በኋላ የሠላሳ ደቂቃ እርምጃ በሩን ከውስጥ እንደሚከፍት ሲገባቸው ይነሣሉ። አንድ ሹፌር «ታዲያ ተራ እየጠበቅኩ መኪና ውስጥ ለምን እቀመጣለሁ?» ሲለኝ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አለ። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ሰው ግን ሁለቱ ጥሪዎች ሲደራረቡ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ይህን ምሳሌ ያለ ማስጠንቀቂያ አልሰጠውም።

የልብና የደም ሥር ነገር ሲመጣ ደግሞ የምንታገለው ከቧንቧ ጋር ነው። «ደም ሥርህ በስብ ተዘግቷል» ስንል ሰው የሚያየው ቅባት የያዘው የቤት ቧንቧ ነው። ቅባት በምን ይለቃል? በፍል ውኃ፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በፌጦ። የኮሌስትሮል ኪኒናቸውን አቁመው በየጠዋቱ ሎሚ በሙቅ ውኃ የሚጠጡ ሰዎችን አልወቅሳቸውም፤ እኛ በሰጠናቸው ምሳሌ ላይ በትክክል አስበዋል። የተሳሳተው ምሳሌው ነው። ስቡ የሚቀመጠው ደም በሚያልፍበት ገጽ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ሥር ሾልኮ ይገባል፤ እዚያ ይበላሻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት እየዋጡት አረፋ መስለው ያብጣሉ፤ ሰውነት ደግሞ በላዩ ጠንካራ ሽፋን ያለብሰዋል። ሽፋኑ ሳስቶ የተሰነጠቀ ዕለት ደም እዚያው ይረጋል፤ ልብ የሚታመመው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እጅግ የጠበበው ቦታ አይደለም። ትናንት ዳገት የወጣ ሰው ዛሬ በድንገት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

እኔ የጭቃ ግድግዳ እላለሁ። የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ከውጭ ልስኑ ደህና የሚመስል፣ ውስጡ ግን እርጥበት የጠጣ። በግድግዳው ላይ ሙቅ ውኃ ማፍሰስ አያደርቀውም። ጣሪያውን መድፈን ነው፤ እንደተደፈነም እንዲቆይ ማድረግ። ስታቲን የሚባሉት ኪኒኖች የሚሠሩት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዳላስ ውስጥ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን፣ ገና በልጅነታቸው የልብ ሕመም ከሚያገኛቸው ሰዎች ቆዳ የተወሰዱ ሕዋሳትን እያራቡ ሲመረምሩ፣ ጤነኛ ሕዋስ ኤልዲኤልን ከደም የሚቀልብበት ተቀባይ በገጹ ላይ እንዳለው፣ የእነዚህ ልጆች ግን እንደጎደለው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። በጃፓን አኪራ ኤንዶ ወደ 6000 የሚጠጉ የሻጋታ ዓይነቶችን ፈትሾ ኮሌስትሮል ሠሪውን ኢንዛይም የሚይዝ ነገር ያገኘውም በዚያው ዘመን ነው። ጉበት ኮሌስትሮል መሥራት ሲከለከል ይራባል፤ ሲራብ ተቀባዮቹን ያበዛል፤ ከደም እየቀለበ ያጸዳል። ታካሚው ኪኒኑን ሲተው ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፤ ጣሪያው እንደገና ያፈሳል። የሰው ግድግዳ ግን ከጭቃ የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለ፤ ሕያው ነው፤ ኤልዲኤል ለዓመታት ዝቅ ብሎ ሲቆይ ሽፋኑ ይጠነክራል።

የሦስት ወሩን ስኳር በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን የደም ምርመራ የማስረዳው በቡና ነው። ስኳር ፕሮቲን ላይ ሲጣበቅ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ማያር ነው፤ የዳቦ ቅርፊትን የሚያቀላው፣ ቡና ሲቆላ ቀለሙንና ሽታውን የሚሰጠው የዚያ ዓይነት ለውጥ ነው። በሰውነታችን ሙቀት ነገሩ እጅግ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ሄሞግሎቢኑ ላይ ስኳር ይጣበቃል። ለቀጠሮ ሲሉ ሦስት ቀን ብቻ የተጠነቀቁ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ምጣድ ላይ የከረመ ቡና በመጨረሻዋ ደቂቃ እሳት ቢቀንሱለት ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። እዚህም ጥንቃቄ አለ። ወባ ይዞት የነበረ ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሕዋሳቱ አዲስ ናቸው፤ ገና አልተቆሉም፤ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመኔ በፊት ስለ ወባ እጠይቃለሁ።

የኪኒን ጎንዮሽ ጉዳትም አስቀድሞ መነገር አለበት። ኤናላፕሪል የሚባለውን የደም ግፊት ኪኒን የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ሲይዘው ብርድ ነው ብሎ ወራት ያሳልፋል፣ ወይም ሳንባ ነቀርሳን ይፈራል። ኪኒኑ የሚይዘው ኢንዛይም ግፊት የሚያስነሣውን አንጂዮቴንሲን ከመሥራት ሌላ ብራዲካይኒን የሚባለውንም ያፈርሳል፤ ኢንዛይሙ ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል፤ ሳሉ ከዚያ ይመጣል ይባላል። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ኪኒኑን ጥሎ አይጠፋም፤ መጥቶ ያስቀይራል።

አንባቢ ሆይ፣ ስኳር ያለብህ ወይም ስኳር ያለባቸውን እናት አባት የምትጦር ከሆንክ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ። «ይህ የሚሠራው ጉበት ላይ ነው ወይስ ቆሽት ላይ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብጾም ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቅ። በራስህ አታቁም፣ በራስህም አትቀጥል። ጾሙ ላይ ላብ ካጠመቀህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታብህ ያኔውኑ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ። ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ፣ ወር ቀደም ብላችሁ ኑ። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ በሐምሌ ኑ።