ዞሲማስ የሄደው በግመል ነው

ባለፈው ጥቅምት አራት ኪሎ መጻሕፍት የሚያዞር ወጣት «ይህን ሳያነቡ አይለፉ» ብሎ አንድ መጽሐፍ እጄ ላይ አኖረልኝ። ርዕሱንም ደራሲውንም አልጠቅስም፤ ወንድሞቹ በየመደርደሪያው ሞልተዋልና አንዱን ብቻ ነጥሎ መግረፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሽፋኑ ላይ በግራ አቶም፣ በቀኝ ፀሐይና ፕላኔቶቿ ተሥለዋል። በመካከላቸው የእኩል ምልክት አለች። የመጽሐፉ ነገር ሁሉ ያቺው ምልክት ናት። ኤሌክትሮን ኒውክለስን ይዞራል፤ ምድርም ፀሐይን ትዞራለች፤ ስለዚህ በአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውስጥ እልፍ ፀሐዮች አሉ፤ ስለዚህ የእኛም ፀሐይ በአንድ ግዙፍ አካል ውስጥ ያለች ብናኝ ናት፤ ስለዚህ ብሔረ ብፁዓንም ስውራኑ ገዳማትም እዚያው ውስጥ ናቸው ይለናል። አንዱን «ስለዚህ» ከሚቀጥለው የሚያገናኝ ድልድይ ግን በ200 ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

እየሣቅሁ እንዳላነበብኩት ግን አንባቢ ይወቅልኝ። አያቴ የመጨረሻ ልጇን በ1970 ዓ.ም. አጣች። ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም፤ አስከሬን አልተገኘም፣ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ሰው ሲጠይቃት «ሞተ» አትልም፤ «ተሰውሯል» ነበር የምትለው። ቃሉን ከገድላት የወሰደችው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ስውር ዓለም የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ፣ ያችን የመሰሉ ስንት አያቶች ቤት እየገባ እንደሆነ ማሰብ ይኖርበታል ባይ ነኝ።

ለመሆኑ ይህ የአቶምና የፀሐይ ምሳሌ ከየት መጣ? ከላቦራቶሪ የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጃፓናዊው ሃንታሮ ናጋኦካ አቶምን ቀለበት በከበባት በሳተርን የመሰለው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በ1907 ደግሞ ፉርኒየ ዳልብ የተባለ የፊዚክስ ሰው «ሁለት አዳዲስ ዓለማት» የሚል መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። አቶሞች የታችኛው ዓለም ፀሐዮች ናቸው፤ የእኛ ከዋክብትም የላይኛው ዓለም አቶሞች ናቸው፤ አንዱ ዓለም ከሌላው የሚበልጠው ከ1 ቀጥሎ 22 ዜሮ በሚጻፍበት ቁጥር ነው አለ። ራዘርፎርድ አቶም በመሐሉ ኒውክለስ እንዳለው ያስታወቀው ግን በ1911 ነው። ምኞቱ ማስረጃውን ቀድሞት ነበር ማለት ነው። (ዳልብ ቀልደኛ ሰው አልነበረም። ኋላ ላይ ዓይነ ስውራን የታተመ ጽሑፍ በድምፅ እንዲያነቡ የሚረዳ መሣሪያ የሠራ ሰው ነው።)

ከ1911 በኋላ ምሳሌው በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ነገሠ። ዕድሜው ግን አጭር ነበር። በጥንቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ከሄድን የሚዞር ኤሌክትሮን ኃይሉን በብርሃን እየረጨ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ኒውክለሱ ላይ ይወድቃል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እኔም ብዕሬም አንባቢዬም ባልኖርን ነበር። ኒልስ ቦር በ1913 ምሕዋሩን በአዲስ ደንብ ደግፎ አቆመው። እስከ 1927 ባሉት ዓመታት ግን ምሕዋር የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ፤ ኤሌክትሮን የሚገኝበት ዕድል እንደ ደመና የተበተነ እንጂ ዱካውን እየተከተሉ የሚደርሱበት ተጓዥ አለመሆኑ ታወቀ። ደግሞም ኤሌክትሮኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ከመካከላቸው ምድር የምትባል የለችም፤ ጨረቃ ያላት፣ ባሕር ያላት፣ ቅዱሳን የሚቀመጡባት አንዲት እንኳ የለችም።

የሚያስገርመው ምሳሌው አቶምን ከፍ የሚያደርግ እየመሰለው ማሳነሱ ነው። የሃይድሮጅን ኒውክለስ ፀሐያችንን አክሎ ቢተልቅ፣ ኤሌክትሮኑን የምንፈልገው ከመጨረሻዋ ፕላኔት ከኔፕቲዩን በአሥር እጥፍ ርቀን ነው። መደነቅ የፈለገ ደራሲ ይህችን ይዞ ስንት ገጽ በጻፈ! እሱ ግን የእኩል ምልክቱን መረጠ።

ይህን መንገድ በታማኝነት የሄዱ ሰዎች መኖራቸውን ላልፍ አልወድም። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1977 የሠሩት የዘጠኝ ደቂቃ ያህል ፊልም አለ። ሆላንዳዊው መምህር ኬስ ቡኬ በ1957 ካሳተመው መጽሐፍ የተወለደ ነው። ቺካጎ ሐይቅ ዳር ሣር ላይ ከተኛ ሰው ይነሣና በየአሥር ሰከንዱ አሥር እጥፍ እየራቀ ጋላክሲዎች ብናኝ እስኪሆኑ ይወጣል፤ ከዚያ ይመለስና በሰውዬው እጅ ቆዳ በኩል እስከ ኒውክለሱ ይወርዳል። ላይም ታችም ባዶነት ይገጥመናል። ፊልሙ ግን ሁለቱ ባዶነቶች አንድ ናቸው አይልም። ኤሌክትሮኖቹንም ነጠብጣብ እንደሞላው ጭጋግ አድርጎ ያሳያል እንጂ ፕላኔት አያደርጋቸውም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። መጽሐፉ ክፉኛ የበደለው ፊዚክስን አይደለም። ፊዚክስ ራሱን ይከላከላል። የበደለው ገድለ ዞሲማስን ነው።

አባ ዞሲማስ ብፁዓኑን ለማየት አርባ ዓመት በጾም የለመነ ባሕታዊ ነው። በግሪኩ ቅጂ እንደተተረከው ልመናው ሲሰማለት በግመል ይሄዳል፤ ዐውሎ ነፋስ ያደርሰዋል፤ ደመና እንደ ግንብ ከቆመበት ወንዝ ሲደርስ ሁለት ዛፎች ጎንበስ ብለው ያሻግሩታል። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት «የት?» ብለህ ጠይቅ ተብለናል፤ ታሪኩም ይመልሳል፤ ከወንዙ ማዶ። በእኛም አባቶች የሥነ ፍጥረት ትምህርት ከሃያው ዓለማት አምስቱ የመሬት ናቸው፤ ብሔረ ብፁዓንም ከእነዚሁ ትቆጠራለች። ወደዚያ ለመግባት ማነስ አያስፈልግም። ዞሲማስ በሙሉ ቁመቱ ነው የገባው።

እዚያ የሚኖሩት የሬካብ ልጆች፣ በኤርምያስ ዘመን ወይን አንጠጣም ያሉት ናቸው። ወርቅ የላቸውም፣ ብረት የላቸውም፣ ቤት የላቸውም። እንግዳውን ስለ ዓለም ጥያቄ አበዙበት። ሲደክመው ለሚያገለግለው ሰው «የሚፈልገኝ ቢመጣ የለም በል» አለው። ይህችን «የለም በለው» አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንቴ እንደምንላት አንባቢ ያውቃል። አገልጋዩ ግን ጮኸ፤ ይህ ሰው ውሸታም ሊያደርገኝ ነው፣ አዳም የደረሰበት ሊደርስብኝ ነው አለ። ዞሲማስም ሊባረር ደርሶ አልቅሶ ለምኖ ነው የቆየው።

ደመናው ምን እንደሚጋርድ ገድሉ የሚነግረን በዚህች ትንሽ ትዕይንት ነው። ብፁዓኑን ከእኛ የለየ የማይክሮስኮፕ እጦት አይደለም። አንዲት «የለም» የማትገባበት አገር ናት። የገዛሁት መጽሐፍ ይህን ሁሉ ጥሎ አገሪቱን ከኤሌክትሮን ላይ አስቀመጣት፤ ለዚያውም ባልሆነ ነገር መስክሮ።

ለነገሩ እኔም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለሁም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የሣለልንን አቶም ደብተሬ ላይ ገልብጬ ሮጬ ወደ አያቴ ሄድኩ። ስውራኑ ያሉት ምናልባት እዚህ ውስጥ ይሆናል፣ አጎቴም እንደዚያው፣ አልኳት። ላጽናናት ነበር። መነጽሯን አድርጋ ክብ ክቡን መስመር ረጅም ጊዜ አየችው።

«የኔ ልጅ እኮ ረጅም ነው» አለችኝ። «በዚህ በር እንኳ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው።»