ቀልደኛው በየት በኩል ይቆጠራል? አለቃ ገብረ ሐና በጎጃም ትዝታ

አለቃ ገብረ ሐና ገብረ ማርያም የፎገራ ሰው ናቸው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለችው ናበጋ ጊዮርጊስ በ1814 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተወለዱ በታሪካቸው ተደጋግሞ ተጽፏል። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን እዚያው ቀስመዋል፣ በጎንደር በኣታ ለማርያም አለቃ ሆነዋል፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከቤተ መንግሥት ጋር ተጋጭተዋል፣ በኋላም በምኒልክና በጣይቱ ግቢ ሲያስቁና ሲወጉ ኖረዋል። በዚህ የሕይወት መሥመር ላይ ጎጃም የሚገባው በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ በወጣትነታቸው ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተማሩ ይባልና ታሪኩ ወደ ጎንደር ይመለሳል። እኔ ግን ይህቺ ዐረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ክብደት አላት ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያን ዝነኛ ቀልደኛ ሥር የሚፈልግ ሰው በናበጋ ላይ ብቻ ቆሞ ከቀረ የሰውየውን ግማሽ ይዞ ይመለሳል።

ይህን ለማለት በጎጃም የዘር ትዝታ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በደጋው ጎጃም አያት ቅድመ አያትን መቁጠር የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በቆጠራ ነበር። ሰው ከአባቱም ከእናቱም በኩል እየቆጠረ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ዘንድ እስኪደርስ ይወጣል፤ ካልደረሰ ይረታል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው ሥራ ይህን በዝርዝር ያሳያል። ከሥራው የምወስደው ትልቁ ቁም ነገር፣ ማንም ሰው ብዙ አያቶች ስላሉት ሁሉንም ማስታወስ እንደማይችልና እንደማይፈልግም ነው። ያስታውስ የነበረው የሚያሟግተውን ነው። ጉልበትና ዘመድ ያለው ሰው ለዘመናት ተረስቶ የኖረ አያት ያስነሣል፤ ደካማው የሚያውቀውንም ሳይናገር ይቀራል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ሲነሣ ከሥጋቶቹ አንዱ መሬቱ ከተለካ ይህ የቆጠራ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል ነበር። ሥርዓቱን የቋጨው ግን የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አያት ቆጥሮ እርሻ የሚያገኝ የለም፤ የመቁጠሩ ልማድና የመሟገቱ አንደበት ግን በአንድ አዋጅ አልጠፉም።

በቆጠራ ላይ መሳቅንም ጎጃም ራሱ ያውቅበታል። ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን የዘር ሐረግ ሲፈልጉ ልጅቷን ያለ ባል ያስቀሯታል። የልቦለዱ መራራ ሣቅ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። ከጎኗ የቆመው በዛብህ ደግሞ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ደጃቸውን የረገጠው በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ በቀሰመው ዕውቀት እንጂ በአያቶቹ አይደለም። ሐዲስ ሁለት ዓይነት ዘር ፊት ለፊት አቁመውልናል፤ በደም የሚወረሰውንና በትምህርት የሚወረሰውን። የአለቃ ገብረ ሐናን የጎጃም ሥር ለማየት የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው።

የአብነት ትምህርት የራሱ ካርታ አለው። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፣ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ቅዳሴ የፈለገ ወደ ሰለልኩላ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ቅኔ የፈለገ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ። ተማሪው ከቤተሰቡ ሲለይ ከአባቱ ርስትም ከአያቱ ስምም ይለያል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከደጃፍ ደጃፍ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። በሩን የከፈተችለት እናት ቁራሽ እንጀራ ስትሰጠው የማን ልጅ እንደ ሆነ አትጠይቀውም። ከየት ጉባኤ እንደ መጣ፣ መምህሩ ማን እንደ ሆኑ ግን ይጠየቃል። መምህሩም በበኩላቸው ከማን እንደ ተማሩ፣ ያ መምህር ደግሞ ከማን እንደ ወረሰ እየተቆጠረ ይኬዳል። ይህ ቆጠራ እንደ ርስቱ ሁሉ ማስረጃ ነው፤ ልዩነቱ የሚያወርሰው አንደበት መሆኑ ነው።

ጉባኤው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም፣ እጁ ላይ ብራና የለም። ሲመሽ ወደ መምህሩ ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጡና ያልያዘውን ቃል ይነቅሉታል። ጀማሪው የሚሠራው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቤቶች ውስጥ ሰሙም ወርቁም መግባት አለባቸው፣ የተረፈ ቃል ካለ ያስነቅፋል። ከዚያ በደረጃ እየጨመረ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የተበላሸ ቅኔ የሚታረመው ጓደኞች ባሉበት ነውና ተማሪው ሁለት ነገር አብሮ ይለምዳል፤ በአጭር መናገርንና ፊት ለፊት ሲነቀፍ አለመደንገጥን። ከዚህ በላይ ለቀልደኛ የሚሆን ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከአለቃ ቀልዶች በሰፊው የሚነገረውን አንዱን ወስደን እንየው። አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ይመጣል። አለቃ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ሰላምታ ይሰጡታል። ሰውየው እግዜር ይመስገን ብሎ ያልፋል። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ብቻውን መሆኑን፣ አብራው ያለችው አህያዋ ብቻ መሆኗን ያስባል። ሰውየው በዞረ ጊዜ አለቃ ርቀዋል። ይህ ቀልድ በአሠራሩ ጉባኤ ቃና ነው። ላዩ ከትሑት ሰው የሚጠበቅ ሰላምታ ነው፤ ውስጡ ሰውየውን ከአህያው ጋር አንድ ያደርገዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ኅብር አንዲት የብዙ ቁጥር ምልክት ናት። ተሰዳቢው የተሰደበበትን ቃል ይዞ ዳኛ ዘንድ ቢቀርብ የሚያቀርበው ክስ የለውም፤ ሰላም ተባልኩ ከማለት በቀር። በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ሲናገር ለኖረ ሰው ይህ ዕውቀት ጌጥ አልነበረም፤ ነፍስ ያተርፋል። ፎገራ ልጁን ወለደ፤ ይህን አጥር አጥሮ የመናገር ብልኃት ያስታጠቀው የቅኔ ጉባኤ ነው።

ስለዚህ በጎጃም የቅኔ ተማሪዎች አለቃን እንደ ራሳቸው ሰው አድርገው ሲያወሩ የደም ዝምድና እየፈጠሩ አይደለም። የሚያነሡት ዝምድና በጉባኤው ሕግ እውነተኛ ነው። ከትልቅ መምህር ሥር አብረው የተቀመጡ ተማሪዎች ወንድማማቾች ይባላሉ፤ መምህሩም አባት ናቸው። በዚህ ቆጠራ አለቃ የጎጃም ልጅ ናቸው ማለት ሐሰት የለበትም።

የአለቃ የራሳቸው ቤተሰብ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በትውፊት እንደሚነገረው አለቃ በጣና ውስጥ ባለችው ሬማ መድኃኔዓለም ደሴት ሳሉ የውኃውን ማዕበልና የዳርቻውን ተክል መወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ፣ ማለትም በማኅሌት ላይ የመወዛወዝ፣ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ስልቱን የወረሰው ልጃቸው ተክሌ ነው፤ በደብረ ታቦር አስተማረው፣ በስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ በብዙ ደብር መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ የሚታየው የአባትየው ፈጠራ በልጁ ስም ነው። በዓለም ላይ ስማቸው ለቀልድ የተሰጠ ስንት ሰዎች ናቸው ልጃቸው በማኅሌት የሚታወሰው? አለቃን በቀልድ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ይደነቃል። መደነቁ ግን የእኛ የአጻጻፍ ጥፋት ውጤት ነው፤ ቀልዱን ከሊቅነቱ ነጥለን ስላሳተምነው ነው። የተክሌ አቋቋም የአባትና የልጅ ደም ከመምህርና ከደቀ መዝሙር ሐረግ ጋር አንድ ላይ የተገመደበት ቦታ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ ጥንቃቄም ያስተምረናል። ነስረዲን ሆጃ የሚባለውን ቀልደኛ ቱርኮች ሲቭሪሂሳር ተወልዶ አክሼሂር ተቀበረ ይላሉ፤ በአክሼሂር መቃብሩን እያሳዩ በየዓመቱ በዓል ያከብሩለታል። ኡዝቤኮች ደግሞ ቡኻራ ላይ ሐውልት አቁመውለታል። አንድ ቀልድ ከአገር አገር ሲሻገር ባለቤቱን ይቀይራል፤ ባለቤቱም በደረሰበት ሁሉ የትውልድ መንደር ያበቅላል። ቻርሊ ቻፕሊን በ1889 እ.ኤ.አ. በደቡብ ለንደን ተወለድሁ ይል ነበር፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት የልደት መዝገቡን አፈላልጎ አጣው። ሚስቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ ከተቆለፈ መሳቢያ የተገኘ ደብዳቤ ግን በበርሚንግሃም አጠገብ ስሜዚክ፣ ብላክ ፓች በተባለ ሰፈር፣ በዘላኖች ጋሪ ውስጥ ነው የተወለድከው ይለዋል። ደብዳቤው እውነት ይሁን አይሁን ቻፕሊን ሳይጥለው ቆልፎ አቆይቶታል። የአካባቢ ትዝታ ከመዝገብ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ወዲያው ውሸት ነው ማለት እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ወደ አለቃ ስንመለስም የሚንሳፈፈውን ቀልድ ከሥር ካለው መለየት ግድ ነው። በአለቃ ስም የሚነገሩ ብዙ ቀልዶች በሌላ አገር በሌላ ሰው ስም ይነገራሉ፤ እነዚህ ስለ አለቃ የትውልድ ሥር ምንም አይመሰክሩም። የምንይዘው በአማርኛው ሰዋስውና በቅኔው ኅብር ላይ የቆሙትን ነው፤ የአህያው ሰላምታ ነጠላና ብዙ ቁጥርን ወደማይለይ ቋንቋ ቢወሰድ ያከትማልና። ቀልዱ በየት ጉባኤ፣ በማን አንደበት፣ ከምን ምግብና ከምን በዓል በኋላ እንደ ተነገረም መመዝገብ አለበት። የታተሙት ስብስቦቻችን አብዛኞቹ ይህን ጥለው ቀልዱን ብቻ አስቀርተዋል። ተናጋሪና ቦታ የተነጠቀ ቀልድ ግማሽ ማስረጃ ነው።

በዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በመድረክና በካሴት፣ ኋላም በቴሌቪዥን፣ «ጎጃሜ» የሚባል አንድ ገጸ ባሕርይ ተለምዷል፤ ዘዬውን እየጎተተ የሚናገር፣ ከተማ ሲገባ ሁሉ ነገር የሚያስገርመው፣ የሚሳቅበት። ቀልዱን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ክፋት የላቸውም። ግን ኢትዮጵያን በቃል ብልኃት ያሠለጠነ አገር የሣቅ ዒላማ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ታሪኩ ተገልብጧል። ከደብረ ኤልያስ ጉባኤ የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ወደ ቴአትር መድረክ ይዘው ገብተው «አፋጀሺኝ»ን የመሰለ ሥራ አቅርበዋል። የአማርኛ መድረክ ከመነሻው የዚህ ጉባኤ ባለ ዕዳ ነው። ተመልካቹ የሚስቅበት ዘዬ የቅኔ መምህራኑ ዘዬ እንደ ሆነ የሚነግረው ቢኖር ኖሮ ሣቁ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እስካሁን የቆጠርሁት በወንድ በኩል ነው። ጉባኤው የወንዶች ነው፤ ማኅሌቱም የወንዶች። የአለቃ ቀልዶች ግን ቤት ውስጥም ይገባሉ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ በብዙዎቹ ውስጥ አሉ፣ እንግዳ በመጣበት፣ ወጥ በተሠራበት፣ ጎረቤት በተቀመጠበት። እነዚህን ቀልዶች ቡና ላይ ሲያወርዱና ለልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ስብስቦች የተለቀሙት ግን ከካህናትና ከቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። የጎጃም ርስት ሕግ በእናት በኩል የመጣውን ቆጠራ ከአባት እኩል ይቀበል ነበር። የአለቃን ሥር በጎጃም የሚፈልግ ተመራማሪም ከቅኔ መምህሩ ጎጆ ከወጣ በኋላ ለተማሪው ቁራሽ ወደ ሰጠችው እናት ደጃፍ መሄድ አለበት፤ ተማሪው ቀን የቆጠረውን ይዞ የሚለምነው ከእርሷ ነበርና፣ የሳቀችለትንም የገሠጸችውንም እርሷ ታውቃለች።