ጂዳ ላይ ማሽላ የሚዘራ የለም

ግሩፕ ውስጥ ሊንክ መጣል ማንም ይችላል። ሊንኩን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔ የምሠራውም ይህንኑ ነው። የማስተዳድራት ድረ ገጽ ትንሽ ናት። በሰሜን ወሎ በመርሳና በአጠቃላይ በሀብሩ ወረዳ ስለሚዘራው ማሽላና ጤፍ፣ ስለ ብርቱካኑና ማንጎው ገበሬ የሚጠይቀውን በአማርኛ ትመልሳለች። ለማስታወቂያ የሚወጣ በጀት የላትም፤ አንባቢዎቿ የሚመጡት የወሎ ልጆች ከሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች ነው።

እኛ አገር ገጽ ማስተዋወቅ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የተከታይ ብዛት ነው። ቴሌግራም ላይ «ዌቭ» የሚባል ነገር አለ፦ የቻናል ባለቤቶች ስማቸውን በአንድ ዝርዝር ይደረድሩና ሁሉም በየቻናሉ ይለጥፈዋል፣ ማታ ተለጥፎ ጠዋት ይነሳል። «መጀመሪያ ሰው አድ አድርጉ፣ ከዚያ መጻፍ ትችላላችሁ» የሚሉ ግሩፖችም አሉ። በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው መጥቶ አይቀመጥም፤ የት እንደገባ እንኳ የማያውቀው ይበዛል። የማስታወቂያ ቦታ ለሚሸጥ የቀልድ ቻናል ቁጥሩ ራሱ ሸቀጥ ስለሆነ አልፈርድበትም። ስለ ማሽላ ለሚጽፍ ሰው ግን አዳማ ላይ ሳያየው «ጆይን» ያለ ወጣት ምንም አይፈይድለትም።

ያልጠየቀውን ሰው በማስታወቂያ ማጥለቅለቅ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ዩዝኔት በሚባለው የዚያ ዘመን የውይይት መረብ ላይ አንድ ጽሑፍ በሺዎች በሚቆጠሩ የውይይት ክፍሎች ለጠፉ። የማስታወቂያው ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ እኛ ዲቪ የምንለው የግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር። ስለ ሂሳብም ስለ ሙዚቃም የሚያወራው ሁሉ ያንኑ ጽሑፍ አገኘ። የተቆጡ ሰዎች መልእክት ከመብዛቱ የተነሳ የባልና ሚስቱን ኢንተርኔት አቅራቢ ሰርቨር ጣለው። ካንተር በኋላ በቴነሲ የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይህ ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እነሱ ግን ከ100,000 ዶላር በላይ አግኝተንበታል ብለዋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። አንዴ ሸጦ ዞር ለሚል ሰው መንገዱ ያዋጣል። እኔ ነገም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነኝ፤ አድሚኑም የአጎቴን ልጅ ያውቀዋል።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቅሬ በምንለው እድር ውስጥ ሰው ሲቀበር ያልተገኘ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያልያዘ ሰው ድንገት ተነስቶ የራሱን ጉዳይ ቢያነሳ የሚከለክለው ላይኖር ይችላል፤ የሚሰማውም ግን የለም። ሥራዬን ስጀምር ለረጅም ጊዜ የድረ ገጹን ስም ሳላነሳ መልስ ብቻ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ትህትና ለማሳየት ብዬ አልነበረም፤ ሰው የሚከፍተው የሚያውቀውን ሰው ሊንክ ስለሆነ ነው።

መልሱ እንዴት ያለ ይሁን? በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ሐምራዊ አበባ ያወጣ አረም፣ አጠገቡ የቀጨጨ ማሽላ የሚታይበት ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ «ይሄ ነገር ምን ይሻለዋል?» የሚል የድምጽ መልእክት ይከተላል። አቀንጭራ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ገጽ አስተዋዋቂ «ስለ አቀንጭራ ሙሉውን ለማንበብ ሊንኩን ይጫኑ» ይላል። ጠያቂው ማሳው ዳር ቆሟል፣ ዳታው እየቆጠረ ነው፣ የተሰጠው ግን በር ብቻ ነው።

እኔ እዚያው ጨርሼ እጽፋለሁ። አቀንጭራ ከመሬት ብቅ ሲል ዋናውን ጉዳት ከታች፣ በማሽላው ሥር ላይ አድርሷል፤ ስለዚህ የዘንድሮው መላና የከርሞው መላ ይለያያሉ። ለዘንድሮ፣ ዘር ከመያዙ በፊት ነቅሎ ከማሳ ማውጣትና ማቃጠል ነው፤ አንድ እግር አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የደቀቀ ዘር ያረግፋል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለከርሞ ደግሞ፣ የተራቆተ መሬት ላይ ስለሚበረታ ማሳውን በፍግ ማጠናከር፣ ማሽላውን ከማሾ ወይም ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ፣ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማፈላለግ። ስለ ዝርያ መጠየቅ ለሚፈልግ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ይህን ሁሉ ስጽፍ ሊንክ የለበትም። ሰውየው ወደ እኔ ገጽ ባይመጣም ማሳውን ያድናል።

«ታዲያ ገጽህ ምን ተጠቀመ?» የሚለኝ አይጠፋም። ግሩፕ ይፈስሳል። የጻፍኩት መልስ በወሩ ከለቅሶ መልእክት፣ ከኳስ ወሬና ከመልካም በዓል ካርድ ሥር ተቀብሯል። በዓመቱ ያው ጥያቄ በሌላ ሰው ይመጣል፤ ያኔ ከአባላቱ አንዱ «ባለፈው እንትና የጻፈው ነበር፣ የት ሄደ?» ይላል። ድረ ገጹ የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነው። ሊንኩን ስልክላቸው የተጠየቀ ነገር ሰጠሁ እንጂ ራሴን አላስተዋወቅሁም። ከዚያ ወዲያ እኔ ባልኖርም ሊንኩን የሚለጥፉት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው የለጠፈው ሊንክ ደግሞ እኔ ከለጠፍኩት ይልቅ ይከፈታል።

ስለ ጉግል የሚጨነቁ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፦ ሊንክ በየቦታው ከተበተነ ፍለጋ ላይ ከፍ እንላለን ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል፣ ያሁና ኤምኤስኤን ይህን በር ለመዝጋት «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት አመጡ፤ ምልክቱ ያለበት ሊንክ ለገጹ እንደ ድምጽ እንዳይቆጠር ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለውጭ ሊንኮቹ ሁሉ ሰጠው። የተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለውንማ ጉግል ጭራሽ አያየውም። የሚያየው ሰው ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ ይበቃል።

ግሩፕ ውስጥ መቀመጥ ለጸሐፊው የሚሰጠው ሌላ ጥቅም ርዕስ ነው። ቢሮ ተቀምጬ የማስበው ርዕስና ገበሬው የሚጠይቀው አይገናኙም። እኔ ስለ ማንጎ አተካከል ላዘጋጅ ስል ግሩፑ «ነጋዴ በዛፉ እንዳለ ልግዛህ አለኝ፣ ልሽጥ ወይስ ለቅሜ?» ይላል። ከገጹ ጽሑፎች በብዛት የሚነበቡት እንዲህ ካሉ ጥያቄዎች የተወለዱት ናቸው።

ከአድሚን ጋር ያለውን ነገር ብዙ አላስረዝመውም። ፈቃድ መጠየቅ በውስጥ መስመር ነው፣ በአደባባይ አይደለም። ሊንክ የሚያጠፋ ቦት ካለ ማክበር ነው፤ ቦቱን ለማታለል በነጥብ ፋንታ «ዶት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አድሚኑን ንቆታል።

ዝም የሚባልበት ጊዜም አለ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ገብቶ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ግሩፖቹ ውስጥ የቀሩት አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ልጆች ነበሩ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ የሚጻፈው «ከመርሳ የወጣ ሰው ያያችሁ»፣ «የእናቴን ድምጽ የሰማ» የሚል ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ሰሞን ስለ ጤፍ አዘራር ሊንክ መለጠፍ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢጠቅም ነውር ነው። ያኔ ዝም ያሉ ገጾች ሲመለሱ ቦታቸውን አግኝተዋል፤ በአውቶማቲክ ሲለጥፉ የከረሙትን ግን ማንም «ደህና ነህ?» አላላቸውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የድረ ገጹ መቁጠሪያ ከየት አገርና ከተማ እንደተከፈተ ያሳያል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ሁልጊዜ ከላይ ናት። ጂዳ ላይ ማሽላ የሚዘራ የለም። አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ ይህን ቢያይ «የተሳሳተ አንባቢ ነው የሰበሰብከው» ይለኝ ይሆናል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰው ቤት የምትሠራ የሀብሩዋ ግራና ልጅ ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ግሩፑን ታያለች፣ የአገሯን ነገር ስታገኝ ከፍታ ታነባለች፣ ሲነጋ አባቷ ጋ ትደውላለች። አባትየው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። «አባዬ፣ አቀንጭራውን ዘር ሳይዝ ንቀሉት ይላሉ» ትለዋለች። ጎረቤትም አጠገቡ ሆኖ ይሰማል። መቁጠሪያው የሚያየው አንድ ጂዳን ብቻ ነው።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ የእያንዳንዱን ገጽ መጀመሪያ በስልክ ተነብቦ እንዲሰማ አድርጌ ነው የምጽፈው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ሰንጠረዥ የለበትም፣ ዳታ የሚበላ ፎቶ ከላይ አይቀመጥም፣ መጠን የሚነገረውም በሄክታር ብቻ ሳይሆን በጥማድ ጭምር ነው። አለዚያ ልጅቷ ሄክታሩን ወደ ጥማድ ስታሰላ የስልኳ ሂሳብ ያልቃል።