በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በጠዋት የሚበር ሰው በግራ ይቀመጥ። ጉዞው ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ በቀኝ ትቀራለች፤ በግራ ያለው ተመልካች ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ አገሩን ያያል። አውሮፕላኑ ቀጥተኛውን መስመር ከያዘ መጀመሪያ የሚመጣው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቀው የዓባይ በረሃ ነው። የጠዋት ብርሃን ገደሉን ከምሥራቅ ሲመታው እርከን እርከኑ ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ፣ በመጨረሻም ጣና። በቀኝ የተቀመጠው የጉናን ተራራ ያገኛል፤ የሚያየው ግን ከፀሐይ ጋር እየታገለ ነው።

በአገር ውስጥ መስመሮች የሚበረው ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ለእንዲህ ያለ እይታ የተመቸ ነው። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለተገጠመ ምድሩን አይጋርድም። በየረድፉ ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር ብቻ ስላለ ከተሳፋሪው እኩሌታው መስኮት ይደርሰዋል። የሚጋርደው ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር ነው፤ ስለዚህ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያለው ረድፍ ይሻላል። የአሠራር ፍቅር ያለው ሰው ግን መሐሉንም አይጠላውም። ለማረፍ ሲቃረቡ የሞተሩ ቤት ከሥር ይከፈትና ረጅሙ የጎማ እግር ከታጠፈበት ተዘርግቶ ቀጥ ሲል ከዚያ ወንበር በደንብ ይታያል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን የአውሮፕላንን መስኮት ነው። ብዙ ሰው ብርጭቆ ይመስለዋል፤ የሚሠራው ከአክሪሊክ ነው። በብዙ የመንገደኛ ጄቶች ሦስት ሽፋን አለው። የውጭኛው የካቢኑን የአየር ግፊት ይሸከማል። መካከለኛው የውጭኛው ቢሰበር ለመተካት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እኛ የምንነካው የውስጠኛው ደግሞ ሁለቱን ከጣትና ከግንባር ይጠብቃቸዋል። በመካከለኛው ሽፋን ግርጌ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የካቢኑ አየር በእርሷ በኩል አልፎ ግፊቱን በውጭኛው ላይ ብቻ ስለሚያሳርፍ መካከለኛው ጉልበቱን ለክፉ ቀን ያቆያል። ያችው ቀዳዳ መስኮቱን ከጉምም ታድነዋለች። ከፍ ባለው ብርድ ውስጥ በዙሪያዋ የሚያብበውን የበረዶ ቅንጣት ያየ ሰው ሥራ ላይ መሆኗን ያውቃል። አንዲት ቀዳዳ ሁለት ሥራ! ከዚህ የጠራ የብልሃት ምሳሌ አላውቅም።

የመስኮቱ ማዕዘን መክበብ ለውበት ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ኮሜት ሥራ ጀመረ። በ1954 በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ኮሜቶች ከነተሳፋሪዎቻቸው ጣሊያን አጠገብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በአየር ተበታተኑ። የእንግሊዝ መርማሪዎች የአንድ ኮሜትን አካል ፋርንቦሮ ላይ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አስገብተው እስኪቀደድ ድረስ ግፊቱን ደጋግመው ጨመሩበት፣ ቀነሱለት። ካቢኑ በየበረራው ሲወጠርና ሲረግብ አሉሚኒየሙ ይደክም ነበር፤ ስንጥቁም የሚነሳው ከክፍተቶቹ ማዕዘን አካባቢ ነበር። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ለመቅደድ ጫፉን በመቀስ ነካ እንደሚያደርገው፣ ጠበብ ያለ ማዕዘንም ኃይሉን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። ዛሬ ጣታችንን በመስኮቱ ዙሪያ ስናስኬድ የትም ሹል ነገር የማናገኘው በሰው ሕይወት በተገኘ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ መስኮት ዳር መቀመጥን የልጅ አምሮት ብቻ አድርገው ከሚያዩት ጋር አልስማማም። ይህን ያህል የታሰበበትን ሥራ መሸፈኛውን አውርዶ መቀመጥ ያሳዝናል። መሸፈኛውን ከፍ ያድርጉት፤ ጣና ከመድረሱ በፊትም መስኮቱን ራሱን ልብ ብለው ይዩት። የመልሱ በረራ ከቀትር በፊት ከሆነ ደግሞ ቀኙን ይያዙ፤ ጣናም ጮቄም በዚያ በኩል ናቸው፤ ፀሐይም እንደገና ከጀርባዎ ትሆናለች።