የቤዝ ክራር ጥልቀት ከወዴት ይመጣል?

«ጋሼ፣ ይህን ቆዳ አንሥተው በጥሩ ሳንቃ ቢተኩልኝና የቤዝ ጊታር ፒክ አፕ ቢያስገቡበት ከመድረክ ጩኸት አልገላገልም ወይ?» ሲል፣ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ቤዝ ክራር የሚመታ ወጣት መሣሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቆሼ ወዳለችው የሥራ ቤቴ ይዞ በመጣ ጊዜ የጠየቀኝ ጥያቄ፣ ለእርሱ የአንድ ምሽት ሥራ ጉዳይ ሲሆን ለእኔ ግን ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ስከራከርበት የኖርሁት ነገር ስለ ሆነ፣ በቁም መልስ ሰጥቼ ላሰናብተው አልሆነልኝም። ቡና አስፈልቼ አስቀመጥሁት፤ ቡናው አልቆ ንግግሩ አላለቀምና የቀረውን እነሆ እጽፈዋለሁ።

ሳንቃ ክራር የሚሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ለየብቻቸው ያንጎራጉሩ የነበሩበት ዘመን አልፎ፣ የግብፅ ተወላጁ አቀናባሪ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ባቋቋመው፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ በመሩት በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እንደ ታየው ሁሉም በአንድ መድረክ ከተሰለፉ ወዲህ፣ ከሥር ሆኖ የሚሸከማቸው ወፍራም ድምፅ ማስፈለጉ አልቀረም፤ ያም ድምፅ ከከበሮና ከጭብጨባ በላይ ይሰማ ዘንድ በኤሌክትሪክ መጉላቱ ግድ ነው። ቆዳ ያለው መሣሪያ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ የተወጠረውን ቆዳ ይመታዋል፣ ቆዳው ይርገበገባል፣ መርገብገቡን ፒክ አፑ ተቀብሎ እንደ ገና ወደ ሞንታርቦው ይልከዋል፣ ዙሩም ሳይቋረጥ እየጎላ ሄዶ እንግዳውን ከነጉርሻው የሚያስደነግጥ ጩኸት ይሆናል። ሳንቃ ግን እንዲህ አያደርግም። ዳሩ ግን ማግኔት ያለው ፒክ አፕ ከብረት በቀር ሌላ አውታር አይሰማምና፣ ቆዳው በተነሣ ጊዜ የክራሩ የናይለን አውታርም አብሮት ይነሣል፤ ናይለኑ ሲነሣ የጣት አመታቱ ይለወጣል፤ አመታቱ ሲለወጥ ዜማው ይከተለዋል፤ በመጨረሻም በእጃችን የሚቀረው የክራር መልክ ያለው ቤዝ ጊታር ነው። ቤዝ ጊታር የሚፈልግማ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውን ዐይነት ገዝቶ፣ የዋልያስ ባንዱን መላኬ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን እያዳመጠ ቢማር ይሻለዋል እንጂ ክራርን ማሰቃየት ምን ይረባዋል?

ነገሩም በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን። አሜሪካዊው ኤርኒ ቦል የሜክሲኮ ሙዚቀኞች የሚይዙትን ጊታሮን የተባለ ሆደ ሰፊ መሣሪያ አብነት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1972 ኧርዝውድ ያለውን አኩስቲክ ቤዝ ጊታር ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም አውታር በ41 ኸርዝ የሚርገበገብ፣ የአንዱ ሞገዱም ርዝመት ከ8 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ በደረት ታቅፎ የሚያዝ ሣጥን ያን የሚያህል ሞገድ በበቂ ኀይል ለመግፋት ዐቅም የለውም። ስለዚህ ከድራም ጋር ሲጫወቱበት አልሰማ አለ፤ አልሰማ ቢል ፒክ አፕ አስገቡበት፤ ፒክ አፕ ቢያስገቡበት እንደ ቆዳችን ጮኸ፤ ቢጮኽ ደግሞ የሣጥኑን አፍ በጎማ ክዳን ደፈኑት። ለድምፅ ብለው የሠሩትን ሣጥን ስለ ድምፅ ብለው ዘጉት ማለት ነው።

የእኔ ነገር፣ ጓደኞቼን እያሰለቸም ቢሆን የምደጋግመው፣ ጥልቅ ድምፅ ዝቅተኛውን ንዝረት በማብዛት አይገኝም የሚል ነው። የድምፅ ባለሙያው ቤዝ የተባለውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ባዞረ ቍጥር ጥልቀት የጨመረ ይመስለዋል፤ የጨመረው ግን ሁከት ነው። የአንድ አውታር ድምፅ አንድ ንዝረት ብቻ አይደለም፤ ከመሠረቱ ጋር እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ ተደራርበው ይወጣሉ፤ የሰው ጆሮና ልቡናም የላይኞቹን ሰምተው፣ መሠረቱ ባይደርሳቸው እንኳ ከየት እንደ ተነሡ ለይተው፣ የጎደለውን በራሳቸው ይሞሉታል። የሽቦ ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ የሚያስቀር፣ የጎልማሳ ወንድ ንግግር መሠረት ደግሞ ከ100 ኸርዝ እምብዛም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ የአባቱን ወፍራም ድምፅ በስልክ ሰምቶ የሕፃን ድምፅ ነው ያለ ማን አለ?

ይህን ምሥጢር የበገና ሠሪዎች፣ ኸርዝ የሚባል ልክ ሳይወለድ፣ በእጃቸው ያውቁት ነበር። በበገና ገበቴ ላይ በተቀመጠው በርኩማ፣ ከበግ አንጀት የተፈተሉት ዐሥሩ አውታሮች እያንዳንዳቸው እንዚራ በተባለች ቁራጭ ቆዳ ላይ ያርፋሉ፤ አውታሩ ሲርገበገብ ያችን ቆዳ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያደረገ ያን እዝ የሚለውን፣ አድማጭን ወደ አርምሞ የሚስበውን ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋ በአንዲት ፀጉር ያህል ወደ ፊት ብትገፋ ድምፁ ይታፈናል፤ ወደ ኋላ ብትሳብ ራቁቱን ይቀራል። የላይኞቹን ንዝረቶች የምታበዛቸው እርሷ ናት፤ የመሬት ውስጥ ድምፅ የሚመስለንም ስለ እርሷ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ዓለሙ አጋ የደረደሩትን፣ ከኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛው ሆኖ የወጣውን ቅጂ በእጅ ስልክ ድምፅ ማጉያ ይክፈተው፤ ያ ጥፍር የምታህል ማጉያ ዝቅተኛ ድምፅ ከቶ ማውጣት የማትችል ስትሆን፣ የበገናው ጥልቀት ግን ከነግርማው አለ።

እንግዲህ እኔ ለቤዝ ክራር የማደርገው፣ በሦስቱ ወፍራም አውታሮች ሥር እንዚራ ቀርጾ ማስገባት ነው። ለቀጭኖቹ አላደርግም፤ እነርሱ የሚናገሩት ሳይለመኑ ነው። ከዚያም ፒዬዞ የሚባለውን፣ ሳንቲም የሚያህለውን ስስ የነሐስ ክብ፣ በርኩማው በወፍራሞቹ አውታሮች በኩል ከሚቆምበት እግሩ ሥር፣ እንዳይሰነጠቅ ስስ ቆዳ አንጥፌለት፣ በንጹሕ ሰም አጣብቀዋለሁ። ሙጫ አላስነካውም። ይህን ክብ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡ አሉ፤ እኔ ግን ቁራሌዎችና ከቆሼው የቆሻሻ ክምር የሚለቅሙ የሠፈር ልጆች ከሚያመጡልኝ የተሰበረ ማንቂያ ሰዓትና የሚዘምር መጫወቻ ሆድ ዕቃ አወጣዋለሁ፤ ሁለቱ በሥራ አይለያዩም።

ብዙው ሰው እዚህ ደርሶ ገመዱን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካና «የፒዬዞ ድምፅ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ተከሳሹን ሳይሰሙ የተሰጠ ፍርድ ነው። 20 ናኖፋራድ ያህል የሚይዝ ክብ 10 ኪሎኦም በሆነ መግቢያ ላይ ቢሰካ፣ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ እየሳሳ ይወርዳል፤ ይህም ማለት ቤዙ ከክራሩ ሳይወጣ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያው ክብ መግቢያው 1 ሜጋኦም በሆነ ፕሪአምፕ ላይ ቢሰካ ግን መሳሳቱ የሚጀምረው ከ8 ኸርዝ፣ ጆሮ ከማይደርስበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ ከራሱ ከክራሩ ሆድ ውስጥ፣ ከክቡ በአንድ ስንዝር ርቀት አስቀምጣለሁ፤ ረጅሙ ገመድ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይርዘም።

ሚክሰሩ ዘንድ ስንደርስ ከድምፅ ባለሙያው ጋር ጠብ ይነሣል። የእኔ ክራር ዝቅተኛ አውታር በ80 ኸርዝ አካባቢ ይቃኛልና፣ ከ60 በታች ያለውን ሁሉ ቁረጥልኝ እለዋለሁ፤ ከዚያ በታች ያለው የከበሮው ግፊትና የእስክስታ ወራጆቹ እግር በቆዳው የሚልኩት ጉርምርምታ እንጂ ዜማ አይደለም። «ቤዝ አምጥተህ ቤዝ ቁረጥ ትላለህ?» ይለኛል። እንዚራው ከሚናገርበት፣ ከ400 እስከ 800 ካለው ጥቂት ጨምርልኝ ስለው ደግሞ ጭራሽ ይስቃል፤ ሳቁ የሚያቆመው ከአዳራሹ ጫፍ ቆሞ ሲሰማ ነው። ቆዳው የራሱ ድምፅ አለው፤ አውታሮቹን በመዳፍ ይዞ ቆዳውን በጣት ቢያንኳኩት ይሰማል፤ ጩኸቱ የሚነሣው ዘወትር ከዚያው ነውና፣ ያን ሥፍራ ብቻ በጠባቡ መቀነስ ይበቃል። ነገር ግን ቆዳ እንደ ወራቱ ነው። በጥር ደርቆ የተወጠረው በነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ በጥር የተቀነሰው ሥፍራ በነሐሴ ንጹሑን ሰው የሚቀጣ ይሆናል። ስለዚህ ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ የሚያስቀምጥ ባለሙያ አልወድም፤ ሁልጊዜ ማንኳኳት ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አግኝቼው ነበር፤ ያመንሁት ግን በዚሁ በሠፈሬ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን በቀበረ ጊዜ ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ጾሙና ኀዘኑ አንድ ሆነው፣ በየሥራ ቤቱ ያለ የዘፈን መሣሪያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በመንደራችን በተተከለው ድንኳን አንድ በገና ደርዳሪ መምህር መጥተው ተቀመጡ። በገና የጓዳና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ለብዙ ሕዝብ ተብሎ አልተሠራም፤ ሕዝቡ ግን ከድንኳኑ ተርፎ እስከ አስፋልቱ ቆሞ ነበርና፣ ከእድርተኞቹ አንዱ «አንተ የምትችለው ነገር አይደለም ወይ?» አለኝ። በእጃችን የነበረው ለልፈፋ የሚያገለግል አንድ ጡሩምባ ማጉያ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ ድምፅ ከእርሱ መጠበቅ ከድንጋይ ውሃ መጠበቅ ነው። ማይኩን በበርኩማው አንጻር አቆምሁና ወደ አስፋልቱ ወጥቼ ቆምሁ። የበገናው ድምፅ ከዚያ ቀጭን ጡሩምባ ወጥቶ፣ በጓዳ እንደሚሰማው ሆኖ፣ እስከ ታክሲ ተራው ደረሰ። ልጁን ሲፈልግ ያደረ አንድ ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ምንም ሳይናገር ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ድንኳኑ ገባ። ከዚያ ቀን በፊት ይህ ሥራ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራነቱ ባይቀርም፣ ሰው የሚሰማው ነገር በጆሮው ከደረሰው እንደሚበልጥ ባሰብሁ ቍጥር እጄ በሥራው ላይ ይዘገያል፤ ደንበኞቼም በመዘግየቴ ያሙኛል።

መምህሩ ግን በሥራዬ ደስ አላላቸውም። እንዚራ በቤዝ ክራር ላይ ማስገባቴን በሰሙ ጊዜ «የዳዊትን መሣሪያ ምሥጢር ጠጅ ቤት አወረድኸው» አሉኝ። ከበሮም በማኅሌት ይመታል፣ በሠርግም ይመታል ብዬ ብከራከራቸው፣ «የማኅሌቱ ከበሮና የሠርጉ ከበሮ አንድ አይደሉም፤ አንተም ታውቀዋለህ» ብለው ዘጉኝ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በየጾሙ በጉባኤ ሲደረድሩ ግን ድምፁን እንዳጎላላቸው ይጠሩኛል፤ በበገናቸው ቆዳ ላይ አንዳች ነገር እንዳልለጥፍ አስጠንቅቀውኛልና፣ ማይኩን ከበርኩማው በአንድ ክንድ አርቄ አቆማለሁ፣ ከ60 ኸርዝ በታች ያለውን እቆርጣለሁ፣ የቀረውን ለእርሳቸው እተዋለሁ።